ቀድሞ የሚነሳው ማን ነው?

በየቀኑ ፊታችን ተደቅኖ ማንም የማያነበው አንድ አጭር ጽሑፍ አለ። አራት መስመር ብቻ ነው። በጥቁር መደብ ላይ በነጭ ፊደል ይወጣል፤ ከሥሩ ሰከንድ ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ ቆጠራው ሲያልቅ ጽሑፉ ይጠፋል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጫነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የቡት ሜኑ ነው። ማሽኑ ሲበራ «የትኛውን ላስነሳ?» የሚል ዝርዝር።

እዚህ ገጽ ላይ የሚሄሱት ልብ ወለድ፣ ግጥምና ፊልም እንደሆኑ አውቃለሁ። የእኔ ሙያ ኮድ መጻፍ ነውና ዛሬ የምሄሰው ይህንኑ ባለ አራት መስመር ጽሑፍ ነው። ምክንያት አለኝ። በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ መካነ ሰላም ውስጥ፣ በአንድ ትንሽ ላፕቶፕ ላይ ያዘጋጀሁት የቡት ሜኑ የአንድ ሽማግሌን ሙሉ ቀን በልቷል። ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጽሑፉን እንደገና ማንበብ ነበረብኝ።

አክስቴ መካነ ሰላም ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት ሱቅ አላት። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ በር ላይ ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበር። አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ከየቀበሌው ማልደው የመጡ ሰዎች ናቸው። የመሬት አቤቱታ፣ የኪራይ ውል፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ይግባኝ። ራፖር ጸሐፊው በእጁ የጻፈውን ይዘው ይመጣሉ፤ እሷ በፓወር ግዕዝ ጽፋ፣ አትማ፣ ሁለት ኮፒ አንስታ ትሰጣቸዋለች። ፓወር ግዕዝ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ ለአክስቴ እንጀራ ነው።

ላፕቶፑ ከትልቅ ደብተር ብዙም አይበልጥም። ሜሞሪው 2 ጊጋ፣ ማከማቻው 32 ጊጋ፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል አተም ነው። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ልጇ ትወስደዋለች። የአክስቴ ልጅ ያኔ 12ኛ ክፍል ነበረች። የብሔራዊ ፈተናው በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ኪቦርድ አለመፍራት ራሱ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሆኗል፤ እሷ ደግሞ ከዚያ አልፋ ፓይተን መማር ጀምራለች። ለጥምቀት ስመጣ አክስቴ «አንተ የኮምፒውተር ሰው አይደለህ? እስቲ ለዚች ልጅ የሚሆን ነገር አድርግላት» አለችኝ። እኔም ሊኑክስ ልጭንላት ተቀመጥኩ።

ሥራው ራሱ ቀላል አልነበረም። የእነዚህ ትንንሽ ማሽኖች አመል የታወቀ ነው። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ሆኖ ሳለ የሚያስነሳው ፈርምዌር 32 ቢት ብቻ ነው የሚቀበለው። ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን የኡቡንቱ ፍላሽ ጭራሽ አላየውም። ዴቢያን ግን ከስምንተኛ እትሙ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እንዲህ ዓይነቶቹን ማሽኖች ይደግፋል፤ ደግነቱ እሱንም በሌላ ፍላሽ ይዤ ነበር። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ ሁሉን ነገር በፍላሽ ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ዊንዶውስን ጠበብ አድርጌ 8 ጊጋ ለሊኑክስ ሰጠሁ፤ ግራብ የተባለውን ቡት ሎደር ጫንኩ፤ ሁለቱም እንደሚነሱ አየሁ። ልጅቷን ቀስቱን እንዴት እንደምታንቀሳቅስ አሳየኋት። በማግስቱ ገና ሳይነጋ የደሴ አውቶብስ ላይ ተሳፈርኩ።

አክስቴን ምንም አላሳየኋትም። ለምን? አላሰብኩትማ!

አክስቴ ሱቋን የምትከፍተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ላፕቶፑን ታበራና ከሰል ልታያይዝ ትወጣለች፤ ስትመለስ ዊንዶውስ ተነስቶ ይጠብቃታል። የዓመታት ልማድ ነው። የዚያን ቀን ስትመለስ የጠበቃት የማታውቀው ስክሪን፣ የማታውቀውን የይለፍ ቃል እየጠየቀ ነው። አጥፍታ አበራችው፤ ያው። እንደገና አጥፍታ አበራችው። በሦስተኛው አራቱን መስመሮች አየቻቸው፤ መነጽሯን እስክታደርግ ግን አምስቱ ሰከንድ አለቀ። ደወለችልኝ፤ እኔ መንገድ ላይ ነኝ፣ ኔትዎርክ የለም። ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት።

አግዳሚው ላይ ከማሻ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ይግባኛቸው እስኪጻፍ ተቀምጠው ነበር። «ደረሰልኝ ወይ ልጄ?» እያሉ እስከ 6 ሰዓት ተኩል ጠበቁ። ልጅቷ ለምሳ ስትመጣ ቀስቱን ሁለት ጊዜ ወደ ታች አውርዳ ኢንተር ተጫነች። ዊንዶውስ ተነሳ። አክስቴ ጽፋ ልትጨርስ ስትል፣ 8 ሰዓት ላይ፣ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ፕሪንተሩ የለውም። ሽማግሌው ከተማ አደሩ። የይግባኙ ቀን ገና ስለነበር ጉዳያቸው አልወደቀም። ግን ጥር ነው፤ እህላቸው አውድማ ላይ ነበር።

ማታ ደሴ ገብቼ ስልኬ ሲሠራ አክስቴ አልተቆጣችም። «ልጄ፣ ዕቃዬን ቀየርክብኝ እኮ» ብቻ ነው ያለችው።

እንግዲህ ጽሑፉን እናንብበው። ወደ አማርኛ ብመልሰው ሜኑው እንዲህ ይላል፦ አንደኛ፣ ዴቢያን። ሁለተኛ፣ የዴቢያን ተጨማሪ አማራጮች። ሦስተኛ፣ የዊንዶውስ አስነሺ፤ ከጎኑ በቅንፍ የዲስኩ ክፋይ አድራሻ። አራተኛ፣ የፈርምዌር ቅንብር። ከሥር ደግሞ የደመቀው መስመር ከአምስት ሰከንድ በኋላ በራሱ እንደሚነሳ ይነግረናል።

የመጀመሪያው ትዝብቴ ይህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ሜኑው መልኩ የጥያቄ ነው፤ ቃሉ ግን የውሳኔ ነው። ምርጫው አስቀድሞ ተመርጧል፤ ለአንባቢው የተተወለት በአምስት ሰከንድ ውስጥ መቃወም ብቻ ነው። መቃወም ደግሞ ማንበብን፣ መረዳትንና ቁልፉን ማወቅን ይጠይቃል። ሦስቱን ያልያዘ ሰው ዝም እንዳለ ይቆጠራል፤ ዝምታው ደግሞ እንደ ስምምነት። ይህን ዓይነት ስብሰባ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። ግራብ ሜኑውን የሚያዘጋጀው ቁጥር ከተሰጣቸው ትንንሽ ስክሪፕቶች ነው። ሊኑክስን የሚዘረዝረው ቁጥሩ 10 ነው፤ ሌሎችን የሚፈልገው 30። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ዴቢያን ዜሮኛ፣ ዊንዶውስ ሁለተኛ ሆኖ ይመዘገባል። በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ የሚነሳው ዜሮ ነው ተብሎ ተጽፏል። እኔ ይህን መስመር አልጻፍኩትም፤ አልቀየርኩትም ግን። ዲፎልት የሚባለው ነገር አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ማንም የጻፈው አይመስልም። ደራሲ የሌለው ውሳኔ ተጠያቂም የለውም።

ሦስተኛው ቋንቋው ነው። እንግሊዝኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አክስቴ «ፋይል»ን፣ «ሴቭ»ን፣ «ፕሪንት»ን በእንግሊዝኛ ፊደል ለይታ ትሠራለች። የዊንዶውስ መስመር ግን በቅንፉ ውስጥ የያዘው የክፋይ አድራሻ የፊደልና የቁጥር ቁልል ነው፤ ለእኔ ለጫንኩት ሰውዬ ብቻ ይነግራል። ጽሑፉ አንባቢ አድርጎ የሚያስበው የራሱን ጸሐፊ ነው። በሥነ ጽሑፍ ይህን እንደ ድክመት እንቆጥረዋለን፤ በሶፍትዌር ግን «ቴክኒካል ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ለዚህ ቁጥብነት ታሪካዊ ምክንያት አለው፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ሂሱ ፍትሐዊ አይሆንም። በድሮዎቹ ኮምፒውተሮች ቡት ሎደር መነሻው የዲስኩ የመጀመሪያዎቹ 512 ባይቶች ናቸው። ከእነሱ 64ቱ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገር ሠንጠረዥ፣ 2ቱ መለያ ምልክት ናቸው፤ ለኮዱ የሚተርፈው 446 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዛሬ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ያ ቦታ 148 ፊደል ብቻ ይይዛል። አንድ የአቤቱታ መግቢያ እንኳ አይበቃውም! ግራብ እ.ኤ.አ. በ1995 ኤሪክ ቦሊን ሲጀምረው ዓለሙ ይህን የመሰለ ጠባብ ነበር፤ መነሻው በዚያች ጠባብ ቦታ ገብቶ የቀረውን ከሌላ የዲስክ ቦታ ይጠራል። እዚህ ላይ ቁጥብ መሆን ጥበብ ነበር።

አሁን ግን ያ ሰበብ የለም። የዛሬ ማሽኖች ለማስነሻ ብቻ አንድ ሙሉ ክፋይ ይመድባሉ፤ ዊንዶውስ ሲጫን የሚፈጥረው ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋ ባይት ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ግራብ ከሚጠቀምበት ዩኒፎንት ውስጥም ፊደሎቻችን አሉ፤ እያንዳንዳቸው በ16 በ16 ነጥብ ተስለዋል። ዐረብኛ ሲጻፍ ፊደሎቹ እንደየቦታቸው መልክ መቀየርና መያያዝ አለባቸው፤ የእኛ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል፣ ለማሽን የተመቸ ነው። ታዲያ ማሽኑ ሲነሳ በአማርኛ ቢያናግረን የሚከለክለው ቴክኒክ የለም። የቀረው የሚጽፈው ሰው ነው።

«ታዲያ ዊንዶውስን ብቻህን ብትተዋት ምን ነበረበት?» የሚለኝ አይጠፋም። ዊንዶውስም የራሱ የቡት ሜኑ አለው፤ ሊኑክስን ግን ፈልጎ አይዘረዝርም። ለእሱ ጎረቤት የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 ላይ ማይክሮሶፍት የለቀቀው አንድ የደኅንነት ማሻሻያ ሁለት ሲስተም ባላቸው ብዙ ማሽኖች ላይ ሊኑክስ እንዳይነሳ አድርጓል፤ ኩባንያው ግን ማሻሻያው እንዲህ ያሉትን ማሽኖች እንደማይነካ ተናግሮ ነበር። ሰዉ ጠዋት ሲያበራ ያገኘው አንድ ነገር ክፉኛ ተበላሽቷል የሚል መስመር ነው። ከአክስቴ ስክሪን ጋር ወንድማማች ናቸው፤ አቅጣጫቸው ብቻ ይለያያል።

በነፃ ሶፍትዌር በኩል ያለነውም ንጹሕ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የግራብ 2.06 እትም ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገውን ስክሪፕት ለደኅንነት ሲባል ከመነሻው ዘግቶታል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የማያውቁትን ክፋይ መክፈት አደጋ አለው። ግን ውጤቱ ያው ነው። ፈልገህ ካልከፈትከው በቀር ሜኑው ቀድሞ የነበረውን ጎረቤት አያይም። እኔ ከፍቼዋለሁ፤ በዚያ ልክ ቸር ነበርኩ ማለት ነው።

ይህ ጥያቄ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ኤክስ-ኦ የተባሉት አረንጓዴና ነጭ የልጆች ላፕቶፖች በሺዎች ተቆጥረው ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ነበር። 1 ጊጋ ማከማቻ፣ 256 ሜጋ ሜሞሪ፣ ሹገር የሚባል በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ገጽታ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ፕሮጀክቱ ከማይክሮሶፍት ጋር ተስማምቶ ዊንዶውስ ኤክስፒ በማሽኑ ላይ እንዲሠራ ወሰነ፤ ጭቅጭቁም ተነሳ። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ዋልተር ቤንደር አንድ ወር ቀደም ብሎ ለቅቆ ወጥቷል፤ ከዚያ ሹገርን ለብቻው የሚያሳድግ ድርጅት አቋቋመ። በዚያ ሁሉ ክርክር ስለ ልጆቹ ነፃነትም ስለ ልጆቹ የሥራ ዕድልም ተወርቷል። በትንሿ ማሽን ላይ ቀድሞ የሚነሳው ምን እንደሚሆን የሚከራከሩት ግን ትልልቆች፣ ያውም ከሩቅ ሆነው ነበር። ማሽኑ ቁልፍም ነበረው፤ በብዙ ቦታ የተሰራጩት ኤክስ-ኦዎች ውስጣዊ ማስነሻቸውን ለመንካት ለእያንዳንዱ ማሽን ለብቻው የሚሰጥ የፈቃድ ኮድ ያስፈልጋቸው ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ የፕሮጀክቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ስለ ወንጪና ወለንጪቲ ልጆች የተናገረው ዓለምን ዞሯል። ታብሌት ያለ አስተማሪ ተሰጣቸው፤ በአምስት ወር ውስጥ አንድሮይድን «ሰበሩት» አለ፤ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ወሬውን ስሰማ እኔም ደስ ብሎኛል። አሁን ግን ሳነበው ሌላ ነገር ይታየኛል። በታሪኩ ውስጥ ልጆቹ የሚደነቁት ቁልፍ በመክፈታቸው ነው፤ ቁልፉን ያደረገው ሰው ደግሞ የታሪኩ ተራኪ ሆኖ ይቀራል። ካሜራው ከመጀመሪያው ለምን እንደተዘጋ ማንም ልጆቹን አስቀድሞ የጠየቃቸው አይመስልም። እኔም መካነ ሰላም ላይ የሆንኩት ይኸው ነው። ስጦታ አምጥቼ፣ ቅደም ተከተሉን ራሴ ወስኜ፣ አውቶብስ ተሳፈርኩ።

ለፋሲካ ስመለስ ላስተካክለው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የታየኝ መፍትሔ ብልጥ ይመስል ነበር። ግራብ የመጨረሻውን ምርጫ አስታውሶ በሚቀጥለው ጊዜ እሱኑ እንዲያስነሳ ማድረግ ይቻላል። ሁለት ቃል መቀየር ነው። ከዚያ የሱቁን ሰዓት አሰብኩት፦ ማታ የመጨረሻዋ ተጠቃሚ ልጅቷ ናት፤ ስለዚህ ጠዋት ለአክስቴ የሚነሳው የማታዋ ምርጫ ይሆናል። ማስታወስ ራሱ አድልዎ አለው፤ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ሰው ነው። ተውኩት።

ሌላም ጉድ ነበር፤ ሰዓቱ። ስጭን እንደተማርኩት የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር አድርጌው ነበር፤ ዊንዶውስ ግን ያንኑ ሰዓት የአካባቢ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ነው። ልጅቷ ማታ ሊኑክስ ላይ ታስተካክላለች፤ አክስቴ ጠዋት ዊንዶውስ ላይ መልሳ ታስተካክላለች። ስድስት ሰዓት ቀንሶ ማንበብ በለመደ ሀገር ላይ ሌላ ሦስት ሰዓት ጨምሬባቸው ነበር ማለት ነው። ሁለቱም ሌላዋ የምታበላሸው መስሏቸው ሲነታረኩ ከርመዋል። ሊኑክስን በአንዲት ትእዛዝ በአካባቢ ሰዓት እንዲሄድ አደረግሁት። በእኔ ሙያ ትክክለኛው ተቃራኒው ነው፤ በዚያ ቤት ግን ትክክል የሆነው ይህ ነው።

ከዚያ ሜኑውን እንደገና ጻፍኩት። አራቱን መስመር ወደ ሁለት አወረድኩ። የላይኛው «የሱቅ ሥራ» ይላል፤ ዊንዶውስን ያስነሳል። የታችኛው «ትምህርት» ይላል፤ ዴቢያንን ያስነሳል። በአማርኛ፣ በ16 ነጥብ ፊደል፣ በጥቁር መደብ ላይ። የሲስተሞቹን ስም አወጣሁና የሰዎቹን ጉዳይ አስገባሁ። ዲፎልቱን ለሱቁ ሰጠሁ፤ ጊዜውን ከ5 ወደ 30 ሰከንድ አሳደግሁ። አክስቴ ስታየው ሳቀች። «በፊደላችን! ይሄ ነገር ይናገራል ለካ» አለች።

አዲስ አበባ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ስነግረው አልወደደውም። «ዊንዶውስን ከላይ አስቀምጠህ ምኑን ሊኑክስ ጫንከው? ዊንዶውስ 10 ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ያበቃል፤ ያቺ ማሽን ደግሞ 11ን አትችልም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቀኑም አልፏል። አክስቴ ዛሬም በዚያው ዊንዶውስ ትጽፋለች፤ ከዚህ በኋላ ደኅንነቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ አንድ ቀን መሻገር ይኖርባታል። ክርክሬ አንድ ነው። የመሻገሪያውን ቀን እኔ በዲፎልት ልወስንላት አይገባም፣ ያውም ደንበኛ አግዳሚ ላይ ባለበት ጠዋት። ነፃ ሶፍትዌር የምንለው ተጠቃሚው እንዲቀይረው ነው። ሳይጠየቅ የተቀየረበት ሰው ነፃ ወጣ ማለት ይከብደኛል።

በዚህ ረክቼ ነበር። እዚህ ላይ ጽሑፉን ልዘጋው ነበር።

ክረምት ላይ፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ፣ ለቤተሰብ ጥየቃ ስሄድ ላፕቶፑን ጠዋት ራሴ አበራሁት። ሁለቱ መስመሮች ወጡ። 30 ሰከንዱን ጠበቅሁ። ምንም አልሆነም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ከሥር የነበረው ቆጠራ የለም። ተበላሸ ብዬ ልጅቷን ጠራኋት።

«አልተበላሸም ወንድም ጋሼ፤ እኔ ነኝ» አለች። የቅንብር ፋይሉን ከፍታ፣ 30 የነበረውን አጥፍታ፣ በቦታው አንድ ሲቀነስ ጽፋበታለች። ግራብ እንዲህ ሲጻፍለት አይቆጥርም፤ ሰው እስኪመጣ ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከሰነዱ ላይ አንብባ ነው ያገኘችው። እኔ ያንን ሰነድ ስንት ጊዜ ከፍቼዋለሁ!

«ለምን ቀየርሽው?» አልኳት።

«ከሰሉ ሲረጥብ በ30 ሰከንድ አይያያዝማ። ደግሞ አንዳንዴ ጠዋት እኔም እፈልገዋለሁ፤ ከእሷ እየተሻማሁ ልሮጥ?»

አክስቴ ከጓዳ ሆና ሰማችን። በየጠዋቱ አንድ ቁልፍ መጫን እንደጨመረባት፣ ረስታው ስትቀር ደግሞ ባትሪው እንደሚያልቅ ነገረችኝ። ልጅቷ «እሺ፣ 5 ደቂቃ ላድርገው?» አለቻት። አክስቴ ትንሽ አሰበችና «ተዪው፣ ይጠብቅ» አለች።